ዘጠኝ ሳህንና አንድ ክዳን

ሚያኦ ደሹን የፋብሪካችን ዘበኛ ነው። በር ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ የሻይ ጠርሙሱን እግሩ ሥር አቁሞ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን መኪና ታርጋ ይመዘግባል። በየቀኑ ሦስት መቶ ሠራተኛ በአጠገቡ ያልፋል። ግማሹ ስሙን እንኳ አያውቅም፤ «ሽማግሌው» ነው የሚሉት። ይህን ፋብሪካ ያቋቋመው እሱ መሆኑን የምናውቅ የቀረነው አራት አምስት ብንሆን ነው። እኛም አናወራውም።

እኔ የዚሁ ፋብሪካ የፓርቲ ሕዋስ ጸሐፊ ነኝ። ስሜ ሲያንግ ላንፈን ይባላል። ደመወዜን የሚከፍለኝ ባለሀብቱ ነው፣ የምታዘዘው ለፓርቲው ነው። ሁለቱ ቢጣሉ ለማን ትወግኛለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ቢጠይቀኝም ሥራ አለብኝ ብዬ ጥዬው እሄዳለሁ። ስለ ሚያኦ አሁን እጽፋለሁ፤ መናገር የነበረብኝ ግን ያኔ ነበር።

ባይታን የባጅ ከተማ ናት። የአገሩ ተማሪ፣ የአገሩ ነርስ፣ የአገሩ ባቡር ነጂ ደረቱ ላይ የሚሰካውን የምንመታው እኛ ነን። መዶሻና ማጭድ ያለበትንም እንዲሁ። እኔ በ1983 ስመጣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴን ባሕር ወስዶታል፣ እናቴ ሌላ ባል አግብታለች፣ የእናቴ ባል ደግሞ ፊቴን ማየት አይወድም። ጨው ከሚመረትበት መንደሬ ተነስቼ በዝናብ ቀኑን ሙሉ ተጉዤ፣ ማሽን ሲመታ የሰማሁበት ቤት በር ላይ ቆምኩ። የሚያኦ ቤት ነበር። ሳሎኑ ውስጥ አንዲት በእግር የምትረገጥ የባጅ መምቻ ማሽንና ሰባት ሠራተኛ ነበረው።

ሰባት የሆኑት ያለ ነገር አልነበረም። እስከ ሰባት ሰው የቤት ሥራ ይባላል፤ ስምንት ከሆነ ብዝበዛ ነው፣ አሠሪውም ካፒታሊስት። እንዲህ የሚለው ከላይ የመጣ መመሪያ ነው። በሰባተኛውና በስምንተኛው ሰው መካከል ምን እንዳለ መመሪያው አይናገርም። ከአንድ ዓመት በፊት ከወንዙ ማዶ ንግዳቸው የደራላቸው ሰዎች ተለቅመው ታስረው ነበር፤ ያልታሰሩትም አገር ጥለው ጠፍተዋል። ስለዚህ ጋሼ ሚያኦ በር ላይ ሲያየኝ ፊቱ ተቋጠረ።

«ልጄ፣ ሞልቷል» አለኝ።

«ባጁ ላይ ቀለም መሙላት እችላለሁ» አልኩ። አልችልም ነበር።

«ብትችዪም ባትችዪም ስምንተኛ ነሽ። በይ ግቢና ተጠለዪ፤ ዝናቡ ሲያባራ ትሄጃለሽ።»

ዝናቡ አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ሲያባራ እጄ ቀለሙን ለምዶታል፣ ጋሼ ሚያኦም ሂጂ የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣለትም። በስሜ የጠራኝ የለም፤ «ስምንቴ» ብሎ አወጣልኝ፣ ስምንቴ ሆኜ ቀረሁ።

በእኛ ዘንድ የሚያሠራህ ሰው ምሳህን ያበላሃል። የከተማው የኢንዱስትሪ ሹም ፓን ቺንዩ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ የማይቸኩል ሰው ነው። በየቤቱ እየዞረ ሠራተኛ ሲቆጥር ሰው አይቆጥርም፤ ሰው በጓሮ በር ይወጣል። የሚቆጥረው ሳህን ነው። የሚያኦ ቤት ዘጠኝ ጎድጓዳ ሳህን ነበረው፦ ለሰባቱ ሠራተኞች፣ ለእሱና ለሚስቱ ለዪንዲ። አሥረኛ ሳህን መግዛት ደግሞ እኔን ከነስሜ ለፓን መስጠት ነው። ስለዚህ የሩዙን ድስት ክዳን ገልብጬ በእሱ ላይ እበላ ነበር።

«አይክፋሽ፣ ክዳን ከሳህን ይሰፋል» ትለኝና እትዬ ዪንዲ ዓሣውን ትደርብልኛለች።

ባልና ሚስቱ የሚተኙት በተነቀለ የበር ሳንቃ ላይ ነበር። አንድ ቀን አልጋችሁስ ብዬ ጠየቅኳት። «አልጋዬማ ያቻትልሽ» አለችና በአገጯ ማሽኗን አሳየችኝ። ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችውን፣ ወፍና አበባ የተቀረጸበትን የሙሽራ አልጋ ሸጠው ነው ማሽኗን የገዙት። ይህን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኋላ ስለምመጣበት ያዙልኝ።

አንድ ቀን ፓን በጓሮ በኩል መጣ። በምሳ መካከል ነበርን። እኔ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ክዳኑን ከነሩዙ፣ ከነዓሣው ድስቱ ላይ መገልበጥ ነበር። ፓን ሳህኖቹን ቆጠረ፤ ዘጠኝ። ሊወጣ ሲል «እስቲ ዛሬ ምን ሠርታችኋል?» ብሎ ክዳኑን አነሳ። ከክዳኑ ሩዝ ረገፈ፣ የተበላ የዓሣ ጭንቅላት ወደቀ፣ ቀጥሎም ሁለቱ የመብያ እንጨቶቼ።

«እናንተ ቤት ክዳኑም ምሳ ይበላል እንዴ?» አለ።

የሳቀ የለም። ፓን ራሱ ትንሽ ሳቀና ተቀመጠ፣ የሩዝ አረቄም ተቀዳለት። አንድ ሁለት ካለ በኋላ፣ «ደሹን፣ ሁለት መንገድ አለህ» አለው። «ወይ ልጅቷን ሸኛት፣ ወይ ባርኔጣውን ድፋ።»

ቀይ ባርኔጣ ማለቱ ነው። የከተማውን ሰሌዳ በርህ ላይ ትሰቅላለህ፤ «የባይታን ከተማ የኅብረት ባጅ ፋብሪካ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ስምንትም ቅጠር ሰማንያ የሚቆጥርህ የለም። በወረቀት የከተማው ነው፣ በቤትህ ያንተ ነው፣ በዓመት መዋጮህን ትሰጣለህ። ከባይታን ግማሹ ይህን ባርኔጣ ደፍቶ ነበር የሚያድረው።

ጋሼ ሚያኦ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ መሬት የወደቀውን የዓሣ ጭንቅላት ነበር የማየው።

«ሰሌዳውን አምጣው» አለ።

እትዬ ዪንዲ እጅጌውን ሳብ አደረገችው። «ወረቀትስ?» አለች በቀስታ። ብልጥ ብልጡ ሰው ከከተማው ጋር በጓዳ ሌላ ወረቀት ይፈራረም ነበር፤ ሰሌዳው ለስም ነው፣ ንብረቱ የእገሌ ነው የሚል። ፓን ግን ሰማት።

«እትዬ ዪንዲ፣ እኔና ደሹን አንድ ማዕድ ላይ ነው ያደግነው። እኛ ወረቀት ካስፈለገን ተጠላልተናል ማለት ነው።»

ጋሼ ሚያኦ በሚስቱ አፍሮ ጆሮው ድረስ ቀላ። አብሮህ ከበላ ሰው ወረቀት መጠየቅ በእኛ አገር ሳህኑ ውስጥ እንደ መትፋት ነው። አልጠየቀም። በሕይወቱ ሌላም ሌላም ተሳስቷል፤ ዋጋ ያስከፈለው ግን ይህ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሰሌዳው ተሰቀለ፣ ርችት ተተኮሰ። እሱ ርችቱ ሳያልቅ ገበያ ሄዶ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ሳህን ይዞ መጣ። «እንኪ ስምንቴ፣ እንግዲህ እንደ ሰው ብዪ» አለኝ። በዚያ ሳህን አሥራ አራት ዓመት በላሁ።

ሥራው አደገ። ማታ ማታ ለማናውቃቸው ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ እንጽፋለን፣ በየፖስታው አንዳንድ ባጅ ለናሙና እንከታለን፤ ትእዛዙ በጆንያ ይመጣል። ማሽኗ ላይ ያስቀመጠኝም እሱ ነው። «በጡንቻ አይደለም» ይለኛል፣ «ጎረምሳ አትወድም። ሁለት ጊዜ ዳበስ አድርጊያት፣ ሦስተኛው ላይ ክብደትሽን ሁሉ ጣዪባት።» እኔን ያገባኝ ሰው ሽማግሌ ሲልክ፣ አባት ሆኖ የተቀመጠልኝ ጋሼ ሚያኦ ነው። እወደው ነበር። ይህን መጻፍ አልከበደኝም፤ የሚከብደኝ መስሎኝ ነበር።

በኋላ ሌላ ሕንፃ ተሠራ፣ ሌላ ማሽን ገባ፣ ሠራተኛው ከመቶ አለፈ። እኔ ግን ምሳዬን እዚያው እነሱ ቤት ነበር የምበላው። ፓን ፋብሪካው የፓርቲ ሕዋስ ይኑረው ሲል፣ ጋሼ ሚያኦ ጠራኝና «አንቺ ግቢ» አለኝ። «ሠራተኛ ነሽ፣ ድሃ ነሽ፣ ይወዱሻል። ከውስጥ የራሳችን ሰው ቢኖረን አይከፋም።» ገባሁ። ጡጫዬን አንስቼ ማልኩ። እሱ ከኋላ ቆሞ እንደ ሠርግ ያጨበጭብ ነበር።

በ1997 ዘመኑ ተገለበጠ። የግል ባለሀብት መሆን ሜዳሊያ ያሰጥ ጀመር፣ ሜዳሊያውንም የምንመታው እኛው ነን። ሰው ሁሉ ባርኔጣውን ያወልቅ ጀመር። ጋሼ ሚያኦ አዲሱን ጃኬቱን ለብሶ ወደ ፓን ሄደ፤ ፓን ያን ጊዜ የከተማው ፓርቲ ጸሐፊ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ እየሳቀ ተመለሰ።

«ባርኔጣውን ላውልቅ ብለው፣ ‹የምን ባርኔጣ?› አይለኝ መሰለሽ» አለኝ። «ባርኔጣው የከተማው ከሆነ ጭንቅላቱም የከተማው ነው አለኝ። ይሄ ሰው እኮ በእርጅናውም ቀልዱን አልተወም።»

ቀልድ መስሎት ነበር። በወሩ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሾመ፣ ጋሼ ሚያኦም ስለ አገልግሎቱ ተመስግኖ ተሰናበተ። የገበያው ሰው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያለ ተረተበት። ተረቱ ለእሱ አይሆንም። እሱ ከቆጡ የፈለገው አንዳች ነገር አልነበረም፤ የፈለገው ለአንዲት ልጅ ሳህን ነበር።

በሳምንቱ በጠራራ ፀሐይ የእጅ ጋሪ እየገፋ መጣ። ማንንም አላስፈቀደም። ከመቶ ሃያው ማሽን የፈለገው የመጀመሪያዋን ብቻ ነበር። አራት ሆነን ጋሪው ላይ ጫንለት፤ አንዷ እኔ ነኝ። በገበያው መካከል እየገፋ ወደ ቤቱ ወሰዳት። በማግስቱ የኅብረት ንብረት ሰርቀሃል ተብሎ ታሰረ።

መርማሪው ጠረጴዛውን የፋብሪካው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አደረገ። ሠራተኛው ተራ በተራ ገባ። እኔ የፓርቲ አባል ስለሆንኩ የእኔ ቃል እንደሚመዝን አስቀድሞ ተነግሮኛል። ማሽኗ የማን እንደሆነች ብናገር፣ አልጋ ሸጠው እንደገዟት ብናገር፣ ሰው የራሱን ዕቃ አይሰርቅምና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ካልተናገርኩ ይፈረድበታል። ሌላ የሚያምታታ ነገር አልነበረውም።

ፓን ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ።

«ላንፈን፣ ልጄ» አለኝ። «አሥራ አራት ዓመት የኅብረት ሠራተኛ ነሽ። ጡረታሽ በዚያ ነው የሚያዝልሽ። የግለሰብ ቅጥር ነበርኩ ካልሽ አሥራ አራቱ ዓመት የት ሊገባ ነው? ሴት ልጅሽስ ዘንድሮ አይደለም ትምህርት ቤት የምትገባው?»

ቁጣ የለበትም። ለእህቱ ልጅ የሚያስብ ሰው ነበር የሚመስለው። እንዲያውም ከኮቴ እጅጌ ላይ ክር ለቅሞ ጣለልኝ።

ገባሁ። መርማሪው «ጓድ ሲያንግ፣ ማሽኗ የማን ናት?» አለ።

«የፋብሪካው ናት» አልኩ።

«ፋብሪካውስ?»

«የኅብረቱ ነው። ሰሌዳው ላይ ተጽፏል።»

«ስትገዛ ነበርሽ?»

«አልነበርኩም።»

እውነት ነው፣ አልነበርኩም። ስለ አልጋ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አላነሳሁም። ቃሌ ሦስት መስመር ሆነ። አውራ ጣቴን ቀይ ቀለም ውስጥ ነክሬ አሻራዬን አኖርኩ። ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ ቀለሙን የት ልጥረገው የሚለውን ነው ያሰብኩት። ያለቀስኩ እንዲመስላችሁ አልፈልግም። ማታ ቤቴ ሄጄ የልጄን አዲስ ቦርሳ ዚፕ ሰፋሁ።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት። ቃሌ ችሎት ላይ ሲነበብ እዚያ ነበርኩ። ጋሼ ሚያኦ አንገቱን እንደደፋ አዳመጠ፣ ሲያልቅም እንዳልሰማ ሰው ጆሮውን አከከ።

በሳምንቱ እትዬ ዪንዲ በምሳ ሰዓት ወደ ሠራተኛው መመገቢያ ገባች። በሰው መካከል አልፋ ፊት ለፊቴ ቆመች፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነውን ሳህን ከመሐረብ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ታጥቧል።

«ሳህንሽን እኛ ቤት ረስተሽው ነበር» አለችኝ።

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሩይአን ከተማ ወንድሟ ዘንድ ሄደች፣ ባሏ ሳይፈታ እዚያው ሞተች። ሳህኑ ዛሬም አለ፤ ቁም ሳጥን ላይ ነው፣ አልበላበትም፣ አልጣልኩትም።

ጋሼ ሚያኦ ሲወጣ ከተማው ፋብሪካውን ሸጦት ነበር። የገዛው የፓን የወንድም ልጅ ዌይዳ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ ፓን የሚቆጨው ነገር ያለው አይመስለኝም። የኅብረቱ ሰሌዳ ወርዶ በቦታው በወርቅ ቀለም የኩባንያው ስም ተሰቀለ። አሁን የግል ነው፣ የግል መሆኑም ያስከብራል። የግል ኩባንያ ሕዋሱ ጠንካራ ቢሆን ጥሩ ነው ተባለ፣ እኔም ጸሐፊ ሆንኩ። ቀይ ግድግዳ ያለው ክፍል ተሰጠኝ።

አንድ ጠዋት ዌይዳ ቢሮው አስጠራኝ። ጋሼ ሚያኦ በሩ አጠገብ ቆሟል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞታል።

«ዘበኛ ልሁን ይላል» አለኝ ዌይዳ። «ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«የሰው ዕቃ አይነካም» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ጋሼ ሚያኦም ሰማ። «ጓድ ጸሐፊ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለና ለዌይዳ እጅ ነሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት «ደህና አደሩ ጓድ ጸሐፊ» ይለኛል፣ ከመቀመጫው ተነስቶ። አንቺ ይበሉኝ ብዬ ለምኜው አውቃለሁ፤ «ሥርዓት ነው» አለኝ። ስምንቴ ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ ምን እንደሚሰማኝ አላውቅም። የሚሰማኝ ነገር ይኑር አይኑር፣ እሱንም አላውቅም።

ማሽኗ ከፍርድ ቤት ለፋብሪካው ተመልሳ መጋዘን ከርማ ነበር። ዌይዳ አዳራሹን ሲያሳድስ አውጥቶ በመስታወት ሳጥን ውስጥ አኖራት። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሥራዬ ስለሆነ፦ «የባይታን ኅብረት ሥራውን የጀመረባት የመጀመሪያዋ ማሽን፣ 1983።» መስታወቱን የሚወለውለው ደግሞ ዘበኛው ነው። የውስጡንም ይወለውላል፣ ዘይት ይቀባታል። አድርግ ያለው የለም።

ዘንድሮ ፓርቲው ዘጠና ዓመት ሲሞላው ከአውራጃው አንድ ከፍተኛ ሹም በጠዋት ሊጎበኘን መጣ። ጡረታ የወጣው ፓንም ተጋብዞ ከፊት ወንበር ተቀምጧል። ሹሙ ማሽኗ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ዛሬም ትሠራለች?» አለ።

ዌይዳ አያውቅም። ቢሆንም «ትሠራለች» አለ። አንድ ወጣት ቴክኒሻን ገብቶ ረገጣት፣ እግሩ አዳልጦት ሳቁበት። ሌላው በጉልበት መታት፤ ቆርቆሮው ተጣመመ። የሳጥኑን ቁልፍ ይዞ በር ላይ የቆመው ዘበኛ «ይፈቀድልኝ» አለ፣ ኮፍያውን አውልቆ ገባ፣ ተቀመጠ። አዲስ ቆርቆሮ ፎርማው ላይ አደረገ። ሁለት ጊዜ ዳበስ አደረጋት፣ ሦስተኛው ላይ ክብደቱን ሁሉ ጣለባት። ባጁ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ከዱሮ ጀምሮ በፎርማው የቀረ የአንድ ትምህርት ቤት ባጅ ነበር። መርፌውን ከኋላው አያያዘና በመዳፉ ይዞ ተነሳ።

ሹሙ ተደነቀ። «አባባ፣ ይህን የት ተማሩ?»

ፓን ጣሪያውን አየ። እኔ ከሹሙ አጠገብ፣ በቀኝ በኩል ቆሜ ነበር። ለመናገር ቦታው ሰፊ ነበር።

«ጓድ ጸሐፊ ናቸው ያስተማሩኝ» አለ ጋሼ ሚያኦ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ ቁጣም፣ ፌዝም፣ ምሕረትም። «የፋብሪካው የመጀመሪያ ሠራተኛ እሳቸው ናቸው።»

ሹሙ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ዞሩ። «እውነት ነው?» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

አጨበጨቡ። ሹሙ ባጁን ከጋሼ ሚያኦ መዳፍ ተቀብሎ በገዛ እጁ ደረቴ ላይ ሰካልኝ፣ ፎቶ ተነሳን። ስንበተን ጋሼ ሚያኦ ሳጥኑን ቆልፎ ወደ በሩ ሄደ። ማታ ቤቴ ገብቼ ልብሴን ሳወልቅ ሸሚዜ ላይ የክብሪት ራስ የምታክል ደም ደርቃ አየሁ። መርፌው ወግቶኝ ኖሯል፤ ከጠዋት ጀምሮ።